ፑዲንግ ማለት

ግቡ፣ ግቡ! ዣንጥላውን እዚያ ከበሩ ጥግ አቁሙት፣
ያንን ወንበር ተዉት፣ እግሩ ሰባራ ነው፣ አትቀመጡበት።
ዊኒፍሬድ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት
ድስት ሳማስል ነው የሸበትኩት።
ዛሬ ሰዋስው የለም፤ መጽሐፉን እጠፉት።
ባለፈው ሐሙስ ሮዢን "ፑዲንግ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤
"ቀላል ነው" ብዬ አፌን ከፈትኩ፣
እንደተከፈተ ቀረ፤ መልሱ ጠፋኝ።

ፑዲንግ ማለት... ከምግብ በኋላ የሚመጣ ጣፋጭ ነው፤
ኬክም ቢሆን፣ አይስክሬምም ቢሆን፣ መጠሪያው ያው ነው።
ግን ደግሞ ጥቁሩ ፑዲንግ አለ፤ እሱ ጣፋጭ አይደለም፣
በአንጀት የታሰረ የአሳማ ደም ነው። አይዞህ ዩሱፍ፣ ዛሬ የለም።
የዮርክሸሩ ደግሞ ዱቄት፣ ወተትና እንቁላል፤
በጋለ ስብ፣ ምድጃ ውስጥ፣ እንደ ትዕቢተኛ ይነፋል፤
ከጥብስ ጋር ቀርቦ ሆዱን መረቅ ይሞላል፤
በሩን ቶሎ ከከፈቱበት ግን አፍሮ ይተነፍሳል።
"ታዲያ ጣፋጩ የቱ ነው?" ይላል ታራስ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።
ቆይ ልጄ፤ እኔም ሰባ አራት ዓመቴ፣ ነገሩ ገና አልተያዘ።

ስፖትድ ዲክ ደግሞ አለ፣ ዘቢብ የተዘራበት ሊጥ፤
በስሙ የሚንከተከተውን ልጅ ሁሉ በጭልፋ ሳስደነግጥ
ኖርኩ። ማሪቪክ፣ አንቺም ጀመርሽ? ሳቂ፣ ግድ የለም፤
በዚህ ስም ሳይስቅ ያደገ እዚህ አገር ማንም የለም።

አባቴ ከባሕሩ ሥር፣ ከዓሣው በታች፣ ከሰል ሲቆፍር፣
እናቴ የጃም ጥቅልሏን በአሮጌ ሸሚዙ እጅጌ አስራ ትቀቅል ነበር።
"የሙት ክንድ" እንለዋለን፤ ቅርጹ ነው እንጂ ክፋት የለውም፤
የላም ሞራ፣ ዱቄት፣ ጃም፤ እሱን የበላ ሰው ብርድ አይደፍረውም።
የደረቀ ዳቦ አይጣልም፤ ቅቤ ተቀብቶ ወተት ይጠጣል፣
የበጋ እንጆሪ ያለቀሰበት ቁራሽ እንኳ ፑዲንግ ይባላል።
የኛ ጣፋጭ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጥጋብ ልጅ አይደለም፤
ቆንጥሮ፣ ቋጥሮ፣ ቀቅሎ ነው እንጂ ተርፎን አያውቅም።

"እኛም ሩዙን በኮኮናት ወተት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን
እንቀቅላለን" ትላለች ማሪቪክ። "አየሽ፣ ያው አንድ ነን"
ልበል? አልልም። የሙዝ ቅጠል እኔ ሸትቼ አላውቅም፤
የአባቴን እጅጌ እሷ አጥባ አታውቅም።

አሁን መብራቱን አጥፉ።
ይሄ የገና ነው፤ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ መድፍ ጥይት የከበደ።
በኅዳር እሑድ ይማሰላል፤ ማንኪያው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄደ፣
ሁሉም በተራው፣ ሁሉም በሆዱ አንድ ነገር እየተመኘ።
ሲሪል፣ ባሌ፣ ካቻምና አማሰለው፤
ስድስት ፔንስ ጣለበት፣ ከድሮ ኮቱ ኪስ ያገኘውን።
"ምን ተመኘህ?" ብለው፣ "ከተነገረ አይደርስም" አለ፤
ገና ሳይደርስ፣ እሱ ሄደ።

ፑዲንጉ ግን አይበላሽም፤ እንዲያውም ሲቆይ ይበስላል።
ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከባርኔጣው ጎን፣ ሁለት ገና አልፎታል፤
በየወሩ አንድ ማንኪያ ብራንዲ አጠጣዋለሁ፣
"ዛሬም ዝናብ ነው" እለዋለሁ።

ዩሱፍ፣ ላንተ የሩዝ ፑዲንግ አለልህ፤ መጠጥ አልነካውም።
ሌሎቻችሁ ተጠጉ። ሮዢን፣ ክብሪቱን... አመሰግናለሁ። እኔ አይደለሁም
የምንቀጠቀጠው፤ ነበልባሉ ነው። ሰማያዊ፣ አያችሁት?
ቶሎ ነው የሚጠፋው። ጠፋ። መብራቱን አብሩት።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ሮዢን። ፑዲንግ ማለት...
እኔ እንጃ። መስመሩን ባዶ ተይው ደብተርሽ ላይ።
ኩስታርዱን አፍሱበት፣ ሳይቀዘቅዝ።
ግን ማንም አይቸኩል፤
ሳንቲሙ ከማን ቁራሽ እንደገባ አላውቅም።
ቀስ ብላችሁ አኝኩ።